ኮዱ ነው ወይስ ሽቦው? የአንድ ውኃ ማጠጫ ፓምፕ ጉዳይ

የእህቴ ልጅ 17 ዓመቷ ነው። ማይክሮኮንትሮለር አስተምረኝ ብላ ስትመጣ በእጇ የነበረው አንድ አርዱዊኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ቺፕ ያለበት ትንሽ ቦርድ)፣ አንድ ብሬድቦርድ (ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ሰሌዳ) እና በትንሽ ከረጢት የታሰሩ ኤልኢዲዎችና ሬዚስተሮች ነበሩ። ከዚያ በፊት ለሁለት ወር ያህል ብቻዋን ስትነካካ ቆይታለች። ኤልኢዲ ብልጭ ድርግም ታደርጋለች፣ የሙቀት ሴንሰር ታነባለች፣ ሰርቮ ሞተር ታዞራለች። ሁሉም ይሠራል። ሁሉም ግን የሰው ኮድ ነው፤ ገልብጣ የጫነችው። አንዱን መስመር በጣቴ አሳይቻት "ይቺ ብትጠፋ ምን ይሆናል?" ስላት ትንሽ አሰበችና "እኔንጃ ጋሼ፣ አጥፍቼያት አላውቅም" አለችኝ።

ሁለት ወር ሙሉ አንድም ነገር አልተበላሸባትም ማለት ነው። ስለዚህ ትምህርት በመስጠት ፋንታ ሥራ ሰጠኋት፤ የአበባ ማሰሮ የሚያጠጣ ሳጥን። አፈሩ ደረቅ ከሆነ ፓምፑ ለ3 ሰከንድ ይሥራ፣ ከዚያ ውኃው እስኪሰርግ 10 ደቂቃ ይጠብቅ፣ እንደገና ይለካ። በወረቀት ላይ አራት መስመር የማይሞላ ሐሳብ ነው። እስኪሠራ ድረስ ግን ብዙ ቅዳሜዎች ሄዱ። ከታች የማወራው በእነዚያ ቅዳሜዎች ስለተፈጠሩት ሁለት ብልሽቶች ነው። ሁለቱም ጊዜ ጥፋተኛ ብላ የያዘችው የተሳሳተውን ወገን ነበር።

ከእነሱ በፊት ግን አንድ መሥዋዕት ተከፍሏል። የመጀመሪያ ቀን የፓምፑን ሁለት ሽቦዎች በቀጥታ ቦርዱ ላይ ባሉት መሰኪያዎች፣ ፒን 9 እና ግራውንድ (የዜሮ ቮልት ወገን) ላይ ሰካች። ኮዱ ፒን 9ን ክፈት ይላል፣ ኮዱን ለቺፑ የሚተረጉመው ኮምፓይለርም ቅሬታ የለውም። ፓምፑ አልዞረም። ነቅላ ስትሰካ፣ ነቅላ ስትሰካ ቆየች። በመጨረሻ በፓምፑ ቦታ ኤልኢዲ አድርገን ብንሞክር እሱም አልበራ አለ፤ ፒን 6 ላይ ሲዛወር ግን በራ። ፒን 9 ሞቷል። በኡኖው ላይ ያለው አትሜጋ 328ፒ ቺፕ በአንድ ፒን የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ 40 ሚሊአምፔር ነው፤ በሰላም ለመሥራት 20 ውስጥ መቆየት ይሻላል። ትንሿ ፓምፕ እየዞረች ብቻ 200 ገደማ ትፈልጋለች። ቦርዱን አልጣልነውም። ፒን 9 አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ አደረገችበትና በቀሩት ፒኖች ቀጠለች።

ከዚያ ሞስፌት አስገባን፣ ጌት በምትባለው እግሩ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ማብሪያ፤ አይአርኤልዜድ44ኤን የሚባለውን፣ ጌቱ 5 ቮልት ሲያገኝ በደንብ የሚከፈት ስለሆነ። አሁን ፒኑ ቧንቧውን ይከፍታል እንጂ ውኃውን አይሸከምም። ከጌቱ ወደ ግራውንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስቀመጥን። ቦርዱ ሲነሳ ኮዱ ፒኑን እስኪያዘው ድረስ ፒኑ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ጌቱ አብሮት ከተንጠለጠለ ፓምፑ ሳይታዘዝ ሊነሳ ይችላል። በፓምፑ ጫፎች መካከል ደግሞ ዋን ኤን 4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ ቀለበት የተሳለበት ጫፉ ወደ ፖዘቲቭ። የሞተር ጥቅልል ሽቦ ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቋረጥበት በተቃራኒ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይወረውራል፣ ዳዮዱ ያንን ይመልሳል። መጀመሪያ ገልብጣ ሰክታው ሞስፌቱ ጣት የሚያቃጥል ሆኖ ነበር። እሱን በፍጥነት አገኘችው፤ የሚሸት ብልሽት ፈላጊ አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው ቀጥሎ መጣ።

ለሙከራ 10 ደቂቃ መጠበቅ ስለሚሰለች መጀመሪያ ኮዱ ውስጥ ዲሌይ(5 * 1000) ብላ ጻፈች፤ ዲሌይ ይህን ያህል ሚሊሰከንድ ጠብቅ የሚል ትእዛዝ ነው፣ ኮከቡም ማባዣ፣ ማለትም 5 ሰከንድ። ሠራ። ወደ 30 * 1000 ከፍ አደረገችው። ሠራ። ወደ 60 * 1000 ስታደርገው ፓምፑ አንዴ ረጨና ዝም አለ። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ አምስት አለፈ፣ ምንም። ሽቦዎቹን ጫን ጫን አደረገች፣ ሞስፌቱን ቀየረች፣ ብሬድቦርዱ ላይ ቦታ አዛወረችው። አሁንም አንዴ ረጭቶ ዝም። ተስፋ ቆርጣ "እስቲ ዋናውን ልሞክረው" አለችና 10 * 60 * 1000 ጻፈች። ይኸኛው አስር ደቂቃ መቆየት ሲገባው በየአሥር ሰከንዱ መርጨት ጀመረ። ማሰሮው ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፣ ደብተሯም ራሰ።

"ይሄማ የላላ ሽቦ ነው" አለች። አልፈርድባትም። አንዴ እንቢ የሚል፣ አንዴ ደግሞ አልቆም የሚል ነገር ሲታይ ሰው ሁሉ የሚጠረጥረው ሽቦ ነው። ብሬድቦርድም ስሙ የጠፋ ዕቃ ነው።

ሽቦውን እንዳትነካ ለመንኳት። ፓምፑን አውጥተን በቦታው ኤልኢዲ በ220 ኦም ሬዚስተር አደረግን። ያው ሆነ፤ በ60 * 1000 አንዴ በርቶ ጠፋ፣ በ10 * 60 * 1000 በየአሥር ሰከንዱ። ስለዚህ ሞተሩ ከነጣጣው ነፃ ወጣ። ቀጥሎ ሲሪያል ሞኒተሩን፣ ቦርዱ የሚያትመው ላፕቶፑ ላይ የሚታይበትን መስኮት፣ ከፈትንና አንድ መስመር ብቻ አስጻፍናት፤ የ60 * 1000ን ውጤት አትመሽ አሳዪን።

ስክሪኑ ላይ የወጣው ከዜሮ በታች ነበር፦ -5536።

ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ሳልነግራት 10 * 60 * 1000ን አስጻፈችው። 10176። "አሥር ሰከንድ!" ብላ ጮኸች። እኔ ከዚያ በኋላ ያስረዳሁት ነገር ሁሉ ለወጉ ያህል ነው፤ የገባት እዚያች ቁጥር ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ቺፕ ላይ ተራው ኢንቲጀር 2 ባይት ብቻ ነው፤ ከ-32768 እስከ 32767 ይይዛል። 60 ሲባዛ በ1000 ውጤቱ 60000 ይሆናል፣ አይገባም፤ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ ዞሮ ከታች ይጀምራል። 600000ን በ65536 ብትከፍሉት ዘጠኝ ጊዜ ገብቶ 10176 ይተርፋል። ቦርዱ የጠበቀው ያንን ትርፍ፣ 10 ሰከንድ ከትንሽ ነው። -5536 ደግሞ የበለጠ ያስቃል። ዲሌይ የሚቀበለው ከዜሮ በታች የማያውቅ ባለ 4 ባይት ቁጥር ስለሆነ -5536ን 4294961760 ብሎ ያነበዋል። ይህን ያህል ሚሊሰከንድ 49 ቀን ከ17 ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ አልተሰቀለም ነበር። በትዕግሥት እየጠበቀ ነው።

ይህን ብልሽት የምወደው መደበቂያው ስለበዛ ነው። 30 * 1000 ይሠራል፣ 32767 ውስጥ ነውና። ዲሌይ(60000) ብሎ በቀጥታ መጻፍም ይሠራል፤ ኮምፓይለሩ ቁጥሩ በ2 ባይት እንደማይገባ አይቶ ራሱ ትልቁን ዓይነት ይመርጥለታል። ሁለት ትንንሽ ቁጥሮች ሲባዙ ግን ብዜቱም በትንሹ ዓይነት ይሠራል። ያንኑ ሂሳብ ላፕቶፕ ላይ ብትሞክሩት ኢንቲጀሩ 4 ባይት ስለሆነ ልክ ይወጣል። ኮምፓይለሩ ግን አይቶት ነበር፤ ማስጠንቀቂያ የማሳየቱ ቅንብር ዝግ ስለነበር ነው ያልሰማነው። ያንን ቅንብር ከፈትነው፣ ከዚያ ወዲህ አልተዘጋም። መፍትሔው ሁለት ፊደል ነው፤ ከ60ው ኋላ ዩኤል ማከል፣ ብዜቱ ከመጀመሪያው በትልቁ ዓይነት እንዲሠራ።

በዚያው ዕለት ዲሌይን ጥለን በሚሊስ፣ ቦርዱ ከተነሳ ስንት ሚሊሰከንድ እንደሆነ በሚነግረው ቆጣሪ፣ መቁጠር ጀመርን። ዲሌይ ላይ ያለ ፕሮግራም በተን ሲጫኑትም አይሰማም። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ነገርኳት፤ ያለፈውን ሰዓት ከአሁኑ ቀንሰሽ ከቆይታው ጋር አወዳድሪ እንጂ ያለፈው ላይ ቆይታውን ደምረሽ አታወዳድሪ። ሚሊስም በ49 ቀን ከግማሽ በላይ ሲሆን ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል፤ መቀነሱ ይህን ዙር ያለችግር ያልፋል፣ መደመሩ አያልፍም። የተክል ማጠጫ ደግሞ 50 ቀን ሳይጠፋ መሥራት ያለበት ዕቃ ነው።

ሳጥኑን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ ስልክ።

"ጋሼ፣ ፓምፑ ይንፈራገጥና ይቆማል። ሁለት ሰከንድ ቆይቶ ደግሞ ይንፈራገጣል። ውኃ አይወጣም።"

"እኔ ጋ እኮ ሲሠራ ነበር።"

"አውቃለሁ። ቁጥር ነው መሰለኝ። ሁሉም ላይ ዩኤል አድርጌያለሁ።"

ኮዱን ላከችልኝ። እውነትም ሁሉም ላይ አድርጋለች፤ የፒን ቁጥሩ ላይ ሳይቀር። ባለፈው ሽቦውን ከሳ ጥፋተኛው ኮድ ሆኖ ስላገኘችው አሁን ኮዱን ይዛ አልለቅ አለች። አንድ ጊዜ የተቃጠለ ሰው ሁለተኛውን እሳት የሚፈልገው በመጀመሪያው ቦታ ነው።

ሴቱፕ መጀመሪያ ላይ "ጀመርኩ" የሚል አንድ ቃል አሳትሚ አልኳት። ሴቱፕ ቦርዱ ሲነሳ አንዴ ብቻ ነው የሚሮጠው፣ ስለዚህ ቃሉ አንዴ ብቻ መታየት አለበት። የላከችው ፎቶ ላይ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች ጀመርኩ፣ ጀመርኩ፣ ጀመርኩ ይላል። ቦርዱ ራሱ እየጠፋ እየተነሳ ነው። ሁለት ሰከንዷም ታወቀች፤ ሴቱፕ ውስጥ ሴንሰሩ እስኪረጋ ብላ የጻፈችው ቆይታ ነው። የፓምፑን ሽቦ ብትነቅል ቃሉ አንዴ ብቻ ታየ። ኮዱ አልተቀየረም፣ የተቀየረው ሽቦ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳጥኑን መልሳ አመጣችው። እኔ ጠረጴዛ ላይ ሠራ። የእሷን ላፕቶፕ አደረግን፣ ሠራ። ከቦርሳዋ የራሷን ዩኤስቢ ገመድ አውጥታ ስትሰካው መንፈራገጥ ጀመረ። ገመዱ ረጅምና ቀጭን ነበር፤ የእኔ አጭርና ወፍራም ነው።

"ቴስተሩ ግን 4.9 ቮልት ይላል" አለች። ቦርዱ ላይ 5 ቮልት የተጻፈበት ፒን ላይ አድርጋ ለክታለች፣ ልክ ነች። ቴስተር ወይም መልቲሜትር ግን በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያይ ዓይን ነው። በሁለት እይታ መካከል የሆነው ነገር ለእሱ አልሆነም። ፈጣን የቮልቴጅ ለውጥ የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ደግሞ የለንም።

የነበረን ሌላ ቦርድ ነው። አንዱን ቦርድ ለሌላው ሐኪም አደረግነው። አናሎግ-ሪድ፣ ከ0 እስከ 5 ቮልት ያለውን ከ0 እስከ 1023 ባለ ቁጥር የሚያነበው ትእዛዝ፣ አንዴ ለማንበብ 0.1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ በሰከንድ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ንባብ ማለት ነው። የፕሮግራሙን ሥራ እሷ ናት የጻፈችው፤ ያለማቋረጥ አንብብ፣ ንባቡ ከ950 ሲወርድ 500 ንባብ ተከታታይ አስቀምጥ፣ ሲያልቅ አትም። ለምን 500? እያንዳንዱ 2 ባይት ነው፣ 1000 ባይት ይሆናል፤ የቺፑ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) በጠቅላላ 2048 ባይት ነው፣ ለሌላውም መተው አለበት። መጀመሪያ የጻፈችው እያነበበ እዚያው እንዲያትም ነበር። በ9600 ፍጥነት አንድ ፊደል ለማስተላለፍ ብቻ 1 ሚሊሰከንድ ይሄዳል፤ እያተመ ሳለ የምንፈልገው ነገር አልፎ ያልቃል። ይህን ራሷ አስልታ አስተካከለችው። ከሁለት ወር በፊት አንድ መስመር አጥፍታ የማታውቅ ልጅ ናት።

ከታመመው ቦርድ 5 ቮልት አንድ ሽቦ ወደ ሁለተኛው ቦርድ መለኪያ ፒን፣ ኤ0፣ ተዘረጋ። ቁጥሮቹ መጡ፤ 312፣ 770፣ 105፣ 644። ትርጉም የሌለው ጫጫታ። ለትንሽ ደቂቃ እኔም ግራ ገባኝ። ከዚያ ሁለቱ ቦርዶች በየራሳቸው ላፕቶፕ፣ ላፕቶፖቹም በየባትሪያቸው እንደሆኑ ታየኝ። ግራውንዳቸውን የሚያገናኝ ምንም የለም። ቮልቴጅ የሁለት ነጥብ ልዩነት ነው፤ አንዱን ነጥብ ብቻ ሰጥተነው ለካ እያልነው ነበር። ከግራውንድ ወደ ግራውንድ አንዲት ጥቁር ሽቦ ስንጨምር ንባቡ 1003 ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ይህ የእኔ ስህተት ነው፤ ደብተሯ ላይም "የጋሼ" ተብሎ ተመዝግቧል።

ፓምፑን ለቀቅነው። ከ1003 ወርዶ 871፣ 690፣ 562፣ 538። ከግማሽ ሚሊሰከንድ ብዙም ባልዘለለ ጊዜ ውስጥ። 538ን ለ1023 አካፍለን በ5 ስናባዛው 2.63 ቮልት ነው። በኡኖ ላይ ያለው ቺፕ ቮልቴጁ ከ2.7 ገደማ ሲወርድ ሥራውን አበላሽቶ ከመቀጠል ይልቅ ራሱን እንዲያጠፋና እንዲነሳ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። ቺፑ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር። ሲጠፋ ፒኑ ይለቀቃል፣ በ10 ኪሎ ኦሟ ጌቱ ይዘጋል፣ ፓምፑ ይቆማል፣ ቮልቴጁ ይመለሳል፣ ቦርዱ ይነሳል፣ ሁለት ሰከንድ ጠብቆ አፈሩን ይለካል፣ ደረቅ ነው፣ ፓምፑን ይከፍታል። ደግሞ ይጠፋል።

ለምን ይህን ያህል ወረደ? የቆመውን ፓምፕ ጫፎች በቴስተር ስትለካ 2 ኦም አካባቢ ሆነ። 5 ቮልት ለ2 ኦም 2.5 አምፔር ነው። እየዞረ ሳለ 200 ሚሊአምፔር የሚበቃው ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ግን ለቅጽበት የሚጠይቀው ይህንን ነው። መደበኛ የዩኤስቢ 2.0 ወደብ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው። ቀጭኑ ገመድ ሲጨመርበት ቮልቴጁ መንገድ ላይ አለቀ። በእኔ አጭር ገመድም ይወርዳል፣ ግን 2.7 ድረስ አይደርስም። እኔ ጋ ይሠራ የነበረው ትክክል ስለነበረ ሳይሆን ለጥቂት ስላመለጠ ነው።

ለፓምፑ የራሱ ባለ 5 ቮልት አዳፕተር ሰጠነው፣ ግራውንዱን ብቻ ከቦርዱ ጋር አገናኘን፤ በዚህ ጊዜ አልረሳሁትም። ከቦርዱ 5 ቮልት ወደ ግራውንድ 470 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ለቅጽበት የሚሆን ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ፣ ጨመርን። ፓምፑ ሠራ፣ መቅጃው ቦርድ ግን ምንም አላተመም። ተበላሸ ብለን ስንፈልግ ለካ ቮልቴጁ ጨርሶ ከ950 አልወረደም፤ የሚቀዳ ነገር አልነበረውም።

ተዘጋጅተው የሚሸጡ የሞተር መንጃ ቦርዶች ከዚህ ጣጣ አብዛኛውን ይሸሽጋሉ። ለጀማሪ እነሱን የሚመክር ሰው ብዙ ነው፤ እኔ አልመክርም። ፒን 9 ላይ ያለው ቀይ ነጥብ ከአንድ ምዕራፍ ማብራሪያ ይበልጣል።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ደብተሯ ሁለት ዓምድ አለው፣ ኮድና ሽቦ። ምንም ከመንካቷ በፊት ግምቷን በአንደኛው ሥር ትጽፋለች፣ ቀጥሎ ግምቱን ሊያፈርስ የሚችል አንድ ሙከራ ትጽፋለች፤ ሞተሩን በኤልኢዲ መተካት፣ አንድ ቃል ማሳተም፣ ገመድ መቀየር። ዝም ብሎ ሽቦ መጫንና ዝም ብሎ ዩኤል መጨመር ሙከራ አይባሉም ተባብለናል።

የቀረው ቀለል ያለ ነበር። የአፈር ሴንሰሩ ሁለት ሚስማርና አንድ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነው። አንደኛው ሚስማር በጥቂት ቀን ውስጥ ተበልቶ አረንጓዴና ቡናማ ቅርፊት ያዘ፤ ያለማቋረጥ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ ኤሌክትሪክ በእርጥብ አፈር ውስጥ ብረት ያሟሟል። ኤሌክትሪኩን ከፒን እንዲያገኝና ሲለካ ብቻ እንዲበራ አደረገችው። የደረቅና የእርጥብ አፈር ድንበር ያደረገችው ንባብ 500 ላይ ፓምፑ እየበራ እየጠፋ ሲያስቸግራት ደግሞ በአንዱ ፋንታ ሁለት ድንበር አበጀች፤ ከ400 ሲወርድ ጀምር፣ 550 ሳይደርስ አታቁም። የመጀመሪያውን ሽቦ፣ ሁለተኛውን ኮድ ብላ ገምታ ሁለቱንም አገኘች። እኔ ስለ ሁለቱም የሰማሁት ካለቀ በኋላ ነው።

ባለፈው ሳምንት ደወለች።

"ጋሼ፣ ፓምፑ ይጮኻል፣ ውኃ አይመጣም።"

"ምን ብለሽ ጻፍሽ?"

"ሽቦ ብዬ ነበር። ቮልቴጁን ቀዳሁት፣ ደህና ነው። ኮድ ብዬ አሳተምኩት፣ እሱም ደህና ነው።"

"እና?"

"ባልዲው ባዶ ነው።"

አሁን ደብተሩ ሦስተኛ ዓምድ አለው፣ ባልዲው ውስጥ ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ሚስማሮች። ውኃው ከእነሱ በታች ከወረደ ፓምፑ አይነሳም፣ ቀዩ ኤልኢዲ ይበራል። የተያያዙት ከፒን 7 ጋር ነው። መጀመሪያ ፒን 9 ላይ ሰክታቸው ግማሽ ሰዓት ኮዱን ስትመረምር ቆይታ ነበር።